የሾፌሮቹ አክስት

ረጅሙ እያሉ የሚጠሩት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር፣ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ስልክህ ላይ ምን አዲስ አለ?» ብሎ ነው። በሚነዳበት መስመር ኔትወርክ ብርቅ ስለሆነ፣ ተሳፋሪው ምሳ ሲወርድ እሱ ካገኘው ሰው ጋር በብሉቱዝ ዘፈንና ቀልድ ይቀባበላል። ከአንዱ ያገኘውን ለሌላው ሳያካፍል አያድርም።

እንደ እናት ሆና ያሳደገችው አክስቱ መጻፍ አትወድም። ምክሯን በድምፅ ቀድታ ነው የምትልክለት። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ቤት ላገኘው የጭነት መኪና ሾፌር ዘፈን እልካለሁ ሲል ጣቱ ስቶ የአክስቱን ምክር ላከለት። ሳያውቅ ተለያዩ።

ከወራት በኋላ ጎማ ተንፍሶበት በማያውቀው ከተማ ቆመ። ጎማ ጠጋኙ ሥራውን እንደጨረሰ፣ ይህን ሳይሰማ ከእኔ ዘንድ የሚሄድ ሾፌር የለም ብሎ ስልኩን ከፈተለት።

«አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ ሲመጣብህ ጀግና ልሁን አትበል። ዳር ይዘህ አቁም፤ መንገዱ ተነሥቶ አይሄድም። ካልሲህንም እጠብ፣ ከሰው ጋር ነው የምትውለው።»

ረጅሙ የአክስቱን ድምፅ ሲሰማ የሚገባበት ጠፋው። ከማን አገኘኸው ቢለው፣ ከነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነው አለው፤ ያም ከሌላ መንገደኛ። ሴትዮዋን የሚያውቃት የለም፤ ሾፌሮቹ ግን ዓይናቸው ሲከብድ «አክስት ትቆጣለች» እያሉ ዳር ይይዛሉ። የእኔ ናት ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ የካልሲው ነገር ትዝ ሲለው ዋጠው።

ቤት ሲመለስ ፈራ ተባ እያለ ነገራት። አክስቱ፣ ድምፄን ለአገር ምድሩ በተንከው ብላ ጀርባዋን ሰጠችውና ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ቆየት ብላ ግን እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ እንደያዘች ዞር አለች።

«እውነት ያቆማሉ?»

«ያቆማሉ፣ እቴቴ።»

«ከመካከላቸው መካሪ የሌለውም ይኖራል» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስልኩን እንዲይዝላት አዘዘችው። «ልጆቼ» ብላ ጀምራ ስለ ፍሬን፣ ስለ ቁርስ፣ ሚስትን ስላለማስጨነቅ ስትናገር ረጅሙ ክንዱ ዛለ፤ አላቋረጣትም።

በማግስቱ መናኸሪያ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ጎኑ ለቆመው አውቶቡስ ሾፌር ላከለት። ሰውዬው አድምጦ ሳቀና የማን ድምፅ እንደሆነ ጠየቀው።

«የአክስቴ» አለው ረጅሙ።