ወደ ኋላ የወደቅኩበት ቅዳሜ

በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ባለው ሰፈራችን፣ ወንድ ልጅ ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ለመግባት በቂ ምክንያት ያስፈልገው ነበር። የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ምክንያት አላጣም። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ይማር ነበርና ጥናቱን በእኛ ቤተሰብ ሊሞክር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። እኔ ልጁን ከወደድኩት ቆይቻለሁ። እሱ ግን ከጓደኛው እህትነት አልፎ የሚያየኝ አይመስለኝም ነበር።

ተሞካሪው እግሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ልጁ የሚወድቀውን ሊደግፍ ከኋላ ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ «ወደ ኋላ እየተሳቡ ነው» ይላል። በንግግር ቶሎ የሚፈዝ ሰው ይወዛወዛል፣ የማይፈዝ ቀጥ ይላል። ቀጥሎ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ያስቀንሳል፤ ሐሳብ ሲበዛ እግር ይጸና ወይም ይከዳ እንደሆነ ለማየት።

አባቴ መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋ። «ምን አደከመህ? የቀበሌ ስብሰባ ብትመጣ የፈዘዘ ሰው አዳራሽ ሙሉ ታገኝ ነበር» አለው። ሲሞከር ግን ንቅንቅ አላለም። ሒሳብ ሹም ነውና ቅነሳውንም እንደ ዳዊት አነበነበው። እናቴ ገና «ወደ» ስትባል፣ ልጁ ሳይደግፋት ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

ተራዬ ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር ከእፍረቴ የተነሳ ግንድ ሆኜ ቀረሁ።

«አንቺማ የምትወድቂ አይደለሽም» አለኝ ልጁ።

ከፋኝ። አባቴ ፊት ወንድ እንዲደግፈኝ የተፈቀደበት ቀን ሁለተኛ አይመጣም! ቅነሳው ላይ ለመውደቅ ቆረጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ «ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት» አልኩና ራሴን ወደ ኋላ ለቀቅኩት።

ጠንካራ ክንድ ተቀበለኝ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፤ ለመነሳትም አልቸኮልኩም። ኋላ የአባቴ ካፖርት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ልጁ እኔን አትወድቅም ብሎ መስኮቱ ጋ ሄዶ ውጤቱን ይጽፋል። አባቴ ደግሞ ፈገግታዬን አይቶ ቀስ ብሎ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ልጄ፣ የሚወድቅ ሰው ከኋላው ማን እንዳለ ያያል» አለኝ በጆሮዬ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጥናቱ አበቃ። ለቀረው ጉዳይ ሽማግሌ ላክ!»

የልጁ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ዓይኑ ተገልጦ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተንገዳግዶ መጋረጃውን ያዘ። እሱም እንደሚወደኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።