የጁምዓው መርዶ

ከማኅበራዊ ሚዲያ ለምን እንደወጣሁ ሲጠይቁኝ «ጊዜ የለኝም» እላለሁ። ውሸት ነው፤ ጊዜስ ሞልቶኝ ነበር።

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ የምንጋራ የወሎ ሴት ነበረች። ዐማራት የሚባል ሌላ ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር ወደ ግቢያችን የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነበር። እናቷ አገር ቤት ማረፋቸውን ማክሰኞ ሰማን። መርዶ በስልክ አይነገርምና ለጁምዓ ጠዋት ተቀጣጠርን። ሽማግሌ ለመንን፣ ምንጣፍ ተዋስን፣ ሴቶቹም ከጎኗ ማን እንደሚቀመጥ ተመካከሩ።

ረቡዕ አንድ ዘመዷ የእናቷን አስከሬን ፎቶ አንስቶ ገጹ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ የሐዘን መልእክት ይጎርፋል፤ ቀይ ልብ የሚልክም አልጠፋም። ፎቶው እንዲወርድ ለማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት አመለከትኩ። «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ መጣ። የእኛን ደንብ ማን ይጠይቅ! ከመልሱ ቀጥሎ የጫማ ማስታወቂያ አሳዩኝ። እዚያው ገጼን ዘጋሁ። የእሷን ስልክ ግን መዝጋት አልችልም።

ጁምዓ ዕለት እንደ ልማዷ መጣች። ሽማግሌው «ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ሲጀምሩ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዟት።

ለቀስተኛው ሲሳሳ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ፎቶውን ረቡዕ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «የአሠሪዎቼን ልብስ እየተኮስኩ ነበር። እዚያ ማን ይዞኝ ልጩህ?»