በሰም የደፈንነው ጆሮ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ጆሮው ውስጥ ዘይት ማንጠብጠብ ነበር። ኩክ ደፍኖት መስማት ስላስቸገረው ጅማ ጤና ጣቢያ ሄደን፣ ሐኪሟ በመብራት አይታ ታምቡሩ ደህና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ፣ በክብሪት እንጨት መጎርጎሩን እንዲተው አስጠንቅቃ፣ ኩኩ ለስልሶ እስኪታጠብለት ድረስ ለብ ያለ ዘይት እንድንጨምርበት ነግራን ነበር። የኑጉን ዘይት በማንኪያ አሙቄ፣ በእጄ ጀርባ ሞክሬ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አስደግፌ ጠብ አደረግሁለት። «ጠበስሽኝ እኮ፤ የቀረሽ ሽንኩርቱ ነው» ብሎ ሳቀ። ያን ሳምንት አልጨረሰም፤ የወሰደው የልብ ሕመም ነው።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ አንድ ቀን ወጥ ልሠራ ያንኑ ዘይት ሳግል ሽታው መጣብኝ። እሱን የማስታውስ መስሎኝ ነበር፤ የታየኝ ግን መቱ ያለው የአባቴ ቤትና የታናሽ እህቴ የብርቄ ጆሮ ነው።

አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴ የሁሩሙ ልጅ ስለነበረች ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ ይነገር ነበር፤ እሷ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትጨነቅ በኦሮምኛ ትናገር ነበር። ወንድሟ ኦቦ ተሰማ ያዮ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ሲሆን፣ ማሩን ከነሰሙ ያመጣልን ነበርና በቤታችን ሰም የማይጠቅምበት ነገር አልነበረም። የተሰነጠቀ ገንቦ፣ የሚያፈስ ቅል፣ ውሃ የሚያስገባ ሣጥን፣ ሁሉም በሰም ይደፈን ነበር።

የቡና ለቀማው ወር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ይበረታል፤ እኛ ልጆቹም ሁሉ አፍንጫችን እየፈሰሰ ከትልልቆቹ ኋላ እንከተል ነበር። በዚያ ዓመት ብርቄ፣ የፊት ጥርሶቿ ገና እየወለቁ የነበሩት እህቴ፣ ጉንፋኑ ሳይለቃት ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደና ግራ ጆሮዋን ይዛ ታለቅስ ጀመር። እናቴ ጤና አዳም ጨምቃ ከሞቀ ዘይት ጋር አንጠባጠበችላት። አንድ ቀን ጠዋት ትራሷ ደም በቀላቀለ መግል ረጥቦ ተገኘ፣ ሕመሙም ቀጥ አለ። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ የራስ ቆሻሻ ስለሆነ ይውጣላት፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። እኛም ዳነች ብለን ደስ አለን።

በጋው ሲጠና ሶር ወንዝ ልብስ ልናጥብ ወርደን እንዋኝ ነበር። ብርቄ ውሃው ውስጥ ራሷን በነከረች ቁጥር ጆሮዋ እንደገና ይፈስሳል፣ መግሉም ይሸታል። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ብርቄ ሳትደርስ ሽታዋ ደረሰ» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ አስተማሪው ጠርቷት ካልሰማች ደግሞ ደንቆሮ ይሏታል። እሷ ግን የምታለቅሰው በስድቡ አልነበረም። «ውስጡ ሶር አለ፤ ሌሊትም አይቆምም» ትለኝ ነበር። እኔም ጆሮዬን ከጆሮዋ አጋጥሜ ወንዙን ለመስማት እሞክር ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሁሩሙ የእናቴ እህት ልጅ ሠርግ ሆነ። እናቴን ያስጨነቃት ሕመሙ ሳይሆን ሽታው ነበር፤ አማቾቹ ፊት እንዳትዋረድ ብላ ከኦቦ ተሰማ ማር የተረፈውን ሰም በእሳት አለስልሳ፣ በቅቤ አሽታ፣ በጥጥ ጠቅልላ የብርቄን ጆሮ ደፈነችው። ሠርጉ እስኪያልቅ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ስንመለስም ደርቆ ስለቆየ ሰሙን ማን ያውጣው? እናቴ ለማርያም ስለቷን አስገባች። አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቴን መድኃኒት ሲያመሰግን ሰማሁት።

ዝናቡ ሲጀምር ትኩሳቱ ተመለሰ። ከጆሮዋ ኋላ ያለው አጥንት ቀልቶ አበጠ፤ ጆሮዋ ወደ ፊት ተገፍቶ እንደ ሌላ ሰው ጆሮ ቆመ። እናቴ ሰሙን ጎትታ ብታወጣው የተከተለው መግል ጥቂት ነበር፣ ልጅቷ ግን ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። በቀንድ ደም እየመጠጡ ዋግምት የሚነቅሉት ሽማግሌ፣ አባ ቢያ፣ ተጠርተው መጡና ቀንዳቸውንና ምላጫቸውን አዘጋጁ። አባቴ ግን ጎሬ ሐኪም ቤት ትወሰድ አለ።

እናቴ አልሰማችውም። መኪና በጭቃው እንደማያልፍ፣ ነጭ ሐኪም ቢላ ይዞ እንደሚጠብቃት፣ ከዚያ የወጣ ልጅ እንዳላየች እያከታተለች ተናገረች።

«በዚህ ዝናብ በቅሎ ላይ ትሙትብኝ?»

«እዚህስ?» አላት አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

አባ ቢያ ምላጩን እሳት ላይ ማሳየት ሲጀምሩ እናቴ ለልጅቷ ጉልበት ይሁናት ብላ ወተት አፏ ላይ አስጠጋችላት። ብርቄ ጠጣች፤ ወተቱ ግን በግራ ከንፈሯ ጥግ ወደ አንገቷ ወረደ። እናቴ ጠርጋ እንደገና ሰጠቻት፣ እንደገና ፈሰሰ። ያን ጊዜ ሁላችንም የብርቄ አፍ ወደ አንድ ወገን መጣመሙን አየን። እናቴ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠች።

«በቅሎዋን ጫኑልኝ» አለች።

አባ ቢያ ምንም ቅር ሳይላቸው ቀንዳቸውን ጠቅልለው፣ ከከተማው እስክንወጣ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው መሩልን።

እኔ ቤት እንድቀር ቢነገረኝም እያለቀስኩ ተከተልኳቸው። አባቴ ብርቄን ፊቱ አስቀምጦ በብርድ ልብስ ጠቅልሏታል፣ ከላይም የኮባ ቅጠል ደፍቶባታል። እናቴ በግራ በኩል በጭቃው እየሄደች፣ ነፍሷ መኖሩን ለማወቅ በየጊዜው ስሟን ትጠራ ነበር፤ ብርቄም «አቤት» ትላት ነበር። ወደ ጎሬ ዳገት ስንጠጋ ተጠርታ ዝም አለች። እናቴ ደግማ ጠራች፣ ሦስተኛም ጠራች፤ ከዚያ «ያ ዋቃዮ» እያለች አምላኳን እየጠራች ጭቃው ውስጥ ተንበረከከች። አባቴ ፊቱን ወደ ብርቄ ቀኝ ጆሮ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ «ብርቄ» አላት።

«አቤት፣ አባዬ።»

እናቴ ተነሥታ በበቅሎዋ ፊት ዞረች። የቀረውን መንገድ በቀኝ በኩል ሄደች።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ የሚናገረውን አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ ረዳቱ፣ እየተረጎመ ይነግረን ነበር። ጉንፋኑ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ገብቶ እንደመገለ፣ መግሉ ታምቡሩን ቀዶ እንደወጣ፣ በተቀደደ ታምቡር ላይ ዘይትም የወንዝ ውሃም መግባት እንዳልነበረበት አስረዳን። በመጨረሻ ማን እንደደፈነው ጠየቀ።

እናቴ ነጠላዋን እየጨበጠች «እኔ ነኝ» አለች።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ድሬሰሩ «መግሉ መውጫ ሲያጣ ወደ አጥንቷ ገባ፤ አሁኑኑ ከኋላ ተከፍቶ ይውጣ ይላሉ» አለ። አባቴ ፈረመ። እናቴ በረንዳው ላይ ሆና የዝናቡን ጠፈጠፍ በመዳፏ እየተቀበለች በሩ እስኪከፈት ታፈስሰው ነበር።

ብርቄ ዳነች። ብዙ ቀን የፔኒሲሊን መርፌ ተወግታ፣ ጆሮዋ በንጹሕ ጨርቅ እየተጠረገ ደርቆ እንዲውል ተደርጎ፣ ቡናው እንደገና ሲቀላ ወደ መቱ ተመለስን። አፏ ቀስ በቀስ ተቃና። ከጆሮዋ ኋላ ጠባሳ ቀረ፤ ግራው ጆሮ ግን ዳግመኛ አልሰማም። የውስጡ ወንዝም መቆሙን የነገረችኝ ጠባሳው ከደረቀ በኋላ ነው።

ዛሬ ከመቱ ጎሬ ሚኒባስ ተሳፍረው ሻይ ሳይበርድ ይደርሳሉ፤ ጤና ጣቢያውም የጆሮን ውስጥ የሚያሳይ መብራት አለው። እንደዚያም ሆኖ የልጇን የሚፈስ ጆሮ በቅቤና በጥጥ የምትደፍን እናት አሁንም አያለሁ። አልወቅሳትም፤ ወደ ጤና ጣቢያው ይዣት እሄዳለሁ እንጂ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የጅማውን ቤት ዘግቼ መቱ መጥቼ ከብርቄ ጋር እኖራለሁ። ማታ ማታ በቀኟ በኩል ተቀምጬ የቀኑን ነገር እነግራታለሁ።