የዓርብ ቨርብ

ባለፈው ሳምንት ከቴፒ ብዙም በማትርቀው አማን ከተማ ለሥራ ማመልከቻ ዲግሪዬን ኮፒ ላስደርግ ስሄድ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በር ላይ የተጠቀለለ አዲስ የውሃ ጎማ ፀሐይ መትቶት ሸተተኝ። ተመርቄያለሁ፣ ማንም አይገርፈኝም፤ ግን እጆቼን ከኋላዬ ደብቄ ነው ያለፍኩት።

ቴፒ ሰባተኛ ክፍል እያለን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ ዓርብ ዓርብ ቨርብ ይጠይቀን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ግድግዳው ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ፣ እሱ በዴስኮቹ መሃል ቀስ ብሎ እየሄደ የሚገርፍበትን የውሃ ጎማ ቁራጭ ሱሪው ላይ መታ መታ ያደርግና «ጎ» ይላል፤ የተጠራው ልጅ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ማለት አለበት። የሳተ አይመታም። ያኔ አምስት አምስት ልጅ ለአንድ ጎበዝ ይሰጥና «አስጠኚ» ይባል ስለነበር፣ የሚመታው የአንድ ለአምስቱ መሪ ነው፤ ሁለት ጎማ፣ መዳፍ ላይ። የእኛ መሪ እኔ ነበርኩ፤ ጎበዝ መሆኔን የረገምኩት ያኔ ነው።

ከቡድኔ የምትስተው ምሕረት ነበረች። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ቡናው ውስጥ ነው፣ ቤት የሚያወሩት ሸክኛ ነው፤ ለቀማ ሲደርስ ከእናቷ ጋር ስትለቅም ትቀርና ጣቶቿ ጠቁረው፣ ደብተሯ ረጥቦ ትመጣለች። «ቴክ» ሲላት «ቴክድ» አለች፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ መዳፌን ዘረጋሁ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስንወጣ «ስሚ፣ ነገ አትምጪ» አልኳት።

«ለምን?»

«በቃ አትምጪ። የቀረ አይጠየቅም።»

መዳፌን አየችው። «እሺ፤ ለቀማውም አለ» ብላ ሳቀች።

ያን ዓርብ አልተመታሁም። ደስ ብሎኝ ዘልዬ ነው ቤት የገባሁት። በሚቀጥለው ሐሙስም ነገርኳት፣ በሚቀጥለውም፤ ከዚያ በኋላ ሳልነግራትም ራሷ ትቀር ጀመር። ቀሪ ሲበዛባት የክፍል ኃላፊያችን ወላጅ ካላመጣች አትገባም አለ። ለምን እንደምትቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ ደብተሬ ላይ መስመር አሰመርኩ። እናትየው ለቀማ ትተው አልመጡም፣ ምሕረትም በዚያው ቀረች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ዝንጅብል ስትሸጥ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ጠይቂኝ» አለች።

«ምን?»

«ቨርብ ነዋ፣ አንቺ ደግሞ።»

«ራይት።»

«ሮት፣ ሪትን።»

«ብሬክ።»

«ብሮክ፣ ብሮክን።»

አንድም አልሳተችም። ሳስጠናት ቨርቦቹን የጻፍኩላትን ወረቀት የቡናው ቅርንጫፍ ላይ እየሰካች፣ እየለቀመች በቃሏ ይዛው ኖሯል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሰኞ ብመጣ ይቀበሉኛል?» አለችኝ።

ከመጣች ለምን እንደቀረች ይጠይቋታል፣ እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም። «አይመስለኝም» አልኳት።

ሁለት ጎማ ነበር፣ ሕመሙ እስከ እረፍት ደወል እንኳ አይቆይም። ምሕረት አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ወደ ቴፒ ሚኒባስ በየቀኑ አለ፣ ሥራም የለኝም፣ ሄጄ ግን አልጠየቅኳትም። ባገኛት እንደማትቆጣኝ አውቃለሁ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።