በላሟ ቦታ የተጎለተው ቴሌቪዥን

«የሙከራ ፊልም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የተሞከረው በእናቴ ቤት ነዋ።

ቤታችን ከሶዶ ወደ ቤሌ ከሚወስደው የመኪና መንገድ ገባ ብሎ ነበር። እኔ እዚያው ቀበሌ አስተምራለሁ። መብራት ገና አልገባም። እንደ አገሩ ወግ ላሟ የምታድረው ከእኛው ጋር ነው፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ በር። ግን የእኛ አልነበረችም። ቤሌ ያለ አንድ ነጋዴ በሃራ የሰጠን ናት፤ እኛ እናበላታለን፣ ወተቱና እበቱ የእኛ ይሆናል፣ ላሟ የእሱ። በደንብ አልያዛችኋትም ካለ ገመዷን ፈትቶ ይወስዳል፣ ሽማግሌም አይከለክለውም። የእናቴ ቅቤ ከእሷ፣ የእንሰቱ ማዳበሪያ ከእሷ። ባል ለሌላት ሴት ኑሮዋ ያቺው ላም ነበረች።

ሰውየው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ምላሱ ቅቤ። ስለ ቴክኖሎጂና ስለ እንስሳት ፊልም እሠራለሁ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ልማት ነው፣ ተባበሩ» ብሎ ይዞብን ገባ። እንግዳ መመለስ ነውር ነው ብለን ተቀበልነው። ላሟን አውጥቶ ደጅ አሰራትና በቦታዋ፣ እዚያው እበቱ ላይ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጎለተ። ጀነሬተሩን ሲያስነሳው፣ ደጅ ያሰራት ላም በካሜራው በኩል መስታወቱ ውስጥ ስታመሰኳ ታየች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። እናቴ ያጨደችውን ሣር እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

በዚህ መሀል ነጋዴውን እግር ጣለው። ደጅ የታሰረችውን ላም አየ፣ ወደ ውስጥ አየ።

«ላሜን ሜዳ ጥላችሁ በወተቷ ቴሌቪዥን ገዛችሁ?»

የእኛ አይደለም አልኩት። «ታዲያ በላም ቦታ ምን ይሠራል?» አለኝ። እኔስ መቼ ገባኝና። ወደ ባለ ፊልሙ ዞሬ «ንገረው እንጂ» ብለው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀርጻል። ነጋዴው ገመዱን ፈታ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፤ ተራምዷት ሄደ።

ባለ ፊልሙ እየሮጠ ተከተለው። ለካ ልብ አለው ብዬ ነበር። አጥሩ ጋ ቆመው ጥቂት አወሩ። ነጋዴው ኮቱን ቆለፈ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተኛ፣ ላሟን ይዞ ወደ እኛ ተመለሰ።

እናቴ አማርኛ አትሰማም። ላሟ ስትመለስ ብቻ ነው ያየችው። ያንን ከባድ ቴሌቪዥን ከነሽቦው አቅፋ ደጅ አወጣችው፣ ቦታውን ጠረገች፣ ሣሩን ጎዘጎዘችላት፣ ነጋዴውን በወላይትኛ እየመረቀች በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

ባለ ፊልሙ ተበሳጨ። «ቲቸር፣ እባክሽ እናትሽን ንገሪያት፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ቦታው ትመልሰው። ቅድም ፀሐይ አስቸግሮኝ ነው። ላሟን እንደገና ሲወስዳት እንቀርጻለን፤ እሷም እንደ ቅድሙ ትውደቅለት።»

እናቴ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?» አለችኝ።