የካቡኪው ሽማግሌ ለአባቴ እጅ ሲነሡ

ጥሩወርቅ የበደለችኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መኸር፣ ኦስሎ ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው እኔ ያን ጊዜ ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በሁለተኛው ሥራዬ ላይ፣ ደረጃ እየወለወልኩ ስለነበረ ነው። ነገሩን ሙሉውን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን ግማሹን ነው የነገርኳቸው። ባለፈው ሳምንት ግን ከሆልምሊያ ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሻሿን ስትፈታ ፀጉሯ ሸተተኝ፤ ሽቶ አይደለም፣ ቅቤም አይደለም፣ አዲስ የተላገ እንጨትና ማር አንድ ላይ የሚሸት የፀጉር ሰም ነው። ከየት አገኘሽው ብዬ ጠየቅኳት፤ የጃፓን ነው አለችኝ። እኔ ሳልጠይቃት በፊት አውቄዋለሁ፤ እያሸተትኩት የምወርድበትን ጣቢያ አለፍኩት።

ያን ዓመት የኦስሎ ወደብ ሰፈር ቢየርቪካ ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ጉድጓድ ነበር። እኔና ጥሩወርቅ ባሕሩ አጠገብ ባለ አንድ የቴአትር አዳራሽ በጽዳት እንሠራ ነበር፤ በሆልምሊያ አንድ ብሎክ ውስጥ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አንደኛ፣ በቤተ ክርስቲያን አንድ ማኅበር፣ በሥራ አንድ የመወልወያ ጋሪ ተጋርተን ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረናል። ልጇ ሔርሜላ እዚሁ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በትርፍ ጊዜዋ በዚያው አዳራሽ ትኬት እያየች ሰው ወደ ወንበሩ ትመራ ነበር። እኔን እትዬ ዘነቡ ትለኛለች፤ አንቱ ማለት ግን ጨርሶ አልለመደባትም፣ እኔም ተቀይሜባት አላውቅም።

ጃፓኖቹ የመጡት ሰኞ ነው፤ ሰው ተኝቶ የሚገባባቸው የሚመስሉ ረጃጅም ሳጥኖች፣ ከበሮዎች፣ ክራር የሚመስል ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ፣ የዊግ መደርደሪያዎች በኋላ በር ሲገቡ የጋሪያችንን መንገድ ሁሉ ዘጉት። ካቡኪ ይሉታል፤ ወንዶች ብቻ የሚጫወቱት፣ የሴቱንም ቦታ ወንድ የሚይዝበት የቆየ ቴአትራቸው ነው። አለቃቸው ሃናኖጆ የሚባሉ፣ ከኔ ትከሻ የማያልፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሔርሜላ በዕረፍት ክፍላችን ውስጥ የሕይወት ታሪካቸውን ከኖርዌጂያንኛው መጽሔት እየመለሰች አነበበችልን።

«ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ኢኬ ሳንት፣ አይደል? ግን የሚጫወቱት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ሆነው ነው፣ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ።»

በስድስት ዓመታቸው ነው አሉ መድረክ የወጡት፤ የመስፍን ልጅ ሆነው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሲገቡ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ሕዝቡ ከዋናው ተዋናይ አብልጦ ወደዳቸው። ልጅ ያልነበረው አንድ ታላቅ የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫዋች ልጄ ብሎ ወስዶ አሳደጋቸው፤ አረማመድ ያስተማራቸው በሁለት ጉልበታቸው መካከል ወረቀት አስይዞ ነው፣ ወረቀቱ ከወደቀ እራት የለም። በጦርነቱ አዳራሹ ሲቃጠል መምህሩና ልጁ በትምህርት ቤት ግቢና በፋብሪካ ደጅ ለአንድ ሰሐን ሩዝ ጨፈሩ። መምህሩ ሲሞት፣ ሠላሳ ዓመት ሲሆናቸው፣ ጓደኞቻቸው ሁሉ መድረክ ላይ በረድፍ ተንበርክከው የመምህሩን ስም ሰጧቸው፤ ሃናኖጆ ሲባሉ ሦስተኛው ሆኑ፣ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም እዚያ ቀረ። በኀምሳ ዓመታቸው ከመድረክ ወድቀው ጉልበታቸው ሲሰበር ሐኪሞች ዳግመኛ አይንበረከኩም አሏቸው፤ በዓመቱ ተንበረከኩ።

«ወንድ ልጅ ወረቀት በጉልበቱ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ኖረና ታላቅ ተባለ» አለች ጥሩወርቅ ሻዩዋን እያማሰለች። «ይሄም ሥራ ተብሎ ነው!»

እኔ ግን በሐሳቤ አባቴን እያየሁት ነበር።

አባቴ ደሴ በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ቴአትር በተሠራ ቁጥር ደግሞ ሙሽሪት ነበር። ሴት መድረክ መውጣት ነውር በነበረበት ጊዜ የከተማው ሙሽሪት ሁሉ እሱ ነው፤ ጢሙን ሁለት ጊዜ ይላጫል፣ ኩል ይኳላል፣ ደረቱን በባዘቶ ይሞላል፣ የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ ለብሶ ትከሻውን ስለሚያሰፋባት፣ በየትንሣኤው እሷ ስትለብሰው ጠብ ነበር። ታዳሚው ግን እሳት ያልነካው እንጨት ነበር፤ ሹሞቹ ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ሰው ከነሱ በፊት መሳቅም ማልቀስም ይፈራል። ስለዚህ አባቴ እኔን፣ የሰባት ዓመት ልጁን፣ ከኋላ በር አጠገብ ያስቀምጠኝና ሙሽሪት ደርሳ በቆመችበት ቅጽበት እልል እንድል አደረገኝ። ከኔ በኋላ አዳራሹ ይፈነዳል። ልምምዳችን እቤት፣ ከእራት በፊት፣ በሽንኩርት ሽታ መካከል ነበር፤ እሱ ከጓዳ እየተሽኮረመመ ይወጣል፣ እኔ ከወንበር ላይ እጠብቃለሁ፣ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ትስቃለች።

«ከቸኮልሽ ገደልሽኝ፤ ከዘገየሽም ገደልሽኝ» ይለኝ ነበር። «እግሬ ሲቆም አይደለም፤ ዓይኔ ሲቆም ነው።»

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ከአዲስ አበባ ሁለት ሴት ተዋንያን መጡና አባቴ ትርፍ ሆነ። በር ላይ ቆሞ ትኬት እንዲቀድ አደረጉት። የሰፈሩ ልጆች ግን አልረሱለትም፤ ውኃ ስቀዳ «የሙሽሪት ልጅ! ባልሽ ሲመጣ እናትሽ ማናት ልትይው ነው?» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ይህን ለባሌም ሳልነግረው ሞተ። የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው፤ የማኅበር ዕለት፣ ሳሕን እያጠብን፣ ለጥሩወርቅ።

የመጀመሪያው ትርኢት ላይ የቤቱ ሠራተኞች እንድንገባ ተፈቀደልን። ከዚያ በፊት እኔ የመልበሻ ክፍሉን ስጠርግ ሽማግሌውን አይቻቸዋለሁ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ስለነበር እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ ረዳታቸውም ፈገግ አለልኝ። ግንባራቸውን በሰም አለስልሰው፣ ቅንድባቸውን አጥፍተው፣ በሰፊ ብሩሽ አንገታቸውን እስከ ማጅራታቸው ነጭ ሲቀቡ፣ ያ የዊግ ሰም የእንጨትና የማር ጠረኑ ክፍሉን ሞልቶት፣ የተሸበሸበው ሽማግሌ መስታወቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲጠፋና የማላውቃት ልጃገረድ ስትመጣ ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ በትንሽ የጺም መላጫ መስታወት የሚሠራው ሥራ ነበር ይኼ! ያኛውን ትኬት አስቀደዱት፤ ይኼኛውን በአውሮፕላን አመጡት።

ከዚያ መድረኩ ላይ ልጃገረዲቱ በበረዶ መካከል የማይመለስ ጀልባ ስትጠብቅ፣ ጥቁር የለበሰ ረዳት ከኋላ ክሩን ሲስብ ነጩ ቀሚስ እንደ ቅርፊት ወርዶ ቀይ ሲወጣ፣ ከበሮው ሲፈጥን፣ ሽማግሌው ዞረው እግራቸውን አንድ ጊዜ መቱና ቆሙ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኖርዌጂያን ሲከፋው ዝም ይላል፣ ሲደሰትም ዝም ይላል። እኔ ግን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። እልልታው ከኔ ወጣ አልልም፤ ከደሴ ማዘጋጃ ቤት የኋላ በር ነው የመጣው። ሙሉ፣ ረጅም፣ እስከ ጣሪያው። ሽማግሌው ትንሽ አገጫቸውን ከፍ አደረጉና ውዝዋዜው እንደ ወንዝ ቀጠለ።

ጥሩወርቅ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ሠርግ ቤት መሰለሽ? ከሥራ ልታስባርሪን ነው?»

በማግስቱ እኔ ጋምለ ኦስሎ ሳለሁ አስተርጓሚያቸው ወደ ጽዳት ክፍል መጥታ የጮኸችው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀች። ለካ በአገራቸው ከኋላ የሚቀመጡ አዋቂዎች ልክ በዚያች ቅጽበት የተዋናዩን የሙያ ቤተሰብ ስም ይጣራሉ፤ ጥሪው ካልመጣ ዝምታው ባዶ ነው፣ ሽማግሌውም ወደ ኦስሎ ሲመጡ ያን ባዶ ፈርተው ነበር። ጥሩወርቅ መጥረጊያዋን አስቀምጣ «እኔ ነኝ» አለች።

ይህን የነገረችኝ ሔርሜላ ናት። ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሽማግሌው አስጠርተዋት የእልልታውን ቦታ እንዴት አወቅሽው ብለው ጠየቋት። ማማ ደግሞ... አባቴ መድረክ ላይ ሴት ሆኖ ይጫወት ነበር፣ እሱ ነው ያስተማረኝ አለች።»

«እና እሳቸው ምን አሉ?»

«ከመቀመጫቸው ወረዱ። ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው ሰገዱ። ለሙያ ወንድሜ፣ ለአባትሽ እጅ እነሣለሁ አሉ። ማራገቢያቸውንም ሰጧት።»

«አማርኛዋን ማን ተረጎመላት?»

«እኔ። ማማ ናት፣ ምን ልበል?»

የጥሩወርቅ አባት ባለ ወፍጮ ነበሩ። ደህና ሰው እንደነበሩ ሰምቻለሁ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው አንድ ቀን ለአባቴ እጅ ነሣ፤ ያም ለባለ ወፍጮው ደረሰ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ጥሩወርቅ በሩን ግማሽ ከፍታ ቆመች፤ ነገ ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው አልኳት።

«አባትሽ እኮ ሞተዋል፣ እህቴ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለሳቸው ምን ይጨምርላቸዋል? አንቺስ ብትሆኚ፣ ስታፍሪባቸው ኖረሽ፣ ዛሬ ነው ልጃቸው የሆንሽው?»

የመጨረሻው ትርኢት በማግስቱ ቀን ላይ ነበር። ጥሩወርቅ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ማራገቢያውን ይዛ፣ በክብር እንግድነት ፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። እኔ በሠራተኛ ካርዴ በኋላ በር ገብቼ ግድግዳው ሥር እንደ ልጅነቴ ቆምኩ። ነጩ ቀሚስ ወርዶ ቀዩ ሲወጣ ጥሩወርቅ በቀለሙ ደንግጣ እልል አለች። ቸኮለች። የባለ ሦስት አውታሩን መሣሪያ ድምፅ ሸፈነችው፤ አጠገቧ ያሉት ሰውዬ ከወንበራቸው ዘለሉ። ሽማግሌው ሳይናወጡ ዞሩ፣ እግራቸውን መቱ፣ ቆሙ። ጥሩወርቅ ማራገቢያዋን እያወዛወዘች ዝም ብላለች። ዓይናቸው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ፤ ያን ጊዜ እኔ ከኋላ ለቀቅኩት። ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይናቸው ግን ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ፣ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አልፎ፣ እኔ ወዳለሁበት ጨለማ መጣ። አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭብጨባ ሲናጋ ከበሮው እንኳ አልተሰማም። ተረድተውኝ ይሁን አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ሳጥኖቹ ወጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሃናኖጆ መሞታቸውን፣ ስማቸውንም ለአንድ ተማሪያቸው መስጠታቸውን ሰማሁ። የአባቴን ስም የሚወስድ የለም፤ የተጫወተበት አዳራሽ ፈርሷል፤ እኔ ስሞት ዓይኑ የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ማራገቢያው በጥሩወርቅ ሳሎን በመስታወት ተሰቅሏል። ለእንግዳ ሁሉ ስለ ተዋናዩ አባቷ ታወራለች።

ከዚያ መኸር በኋላ በሦስተኛው ዓመት ሔርሜላ አገባች። የመጥሪያ ወረቀቱን ራሷ አመጣችልኝ፤ «ስገባ እልል የምትይልኝ አንቺ ነሽ፣ እትዬ ዘነቡ» አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኳት። ሙሽሪት በር ላይ ደርሳ ቆመች። ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ፤ እሷም ወደኔ አየች። ያን ቀን ለእናቷ የተረጎመውን አፍ እያየሁ የኔን አልከፈትኩም። ምሳዬን በላሁ፣ ስጦታዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።