ጉንጬ በሐሰት የመሰከረበት ቀን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝኩት ለፊርማና ልጄን የቤት ሥራ ለማሠራት ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል። ሁለት ሰው ካየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን ዓይን የለውም፤ እስክጨርስ ይጠብቀኛል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ቅዳሜ ዳንግላ ላይ ያየሁት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየሸጥኩ ነበር። ድንገት «ያዘው! ያዘው!» የሚል ጩኸት መጣ። የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ሮጠ። አንድ ወጣት ጭቃው ላይ ወድቆ ከግራም ከቀኝም ይረግጡታል። ከእኔ ዘንድ ቁጭ ብሎ ሲስቅ የነበረ አንድ የባጃጅ ሾፌርም ሄዶ ሁለቴ ረገጠውና ተመልሶ ብርጭቆውን አነሣ።

«ምን አድርጎ ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ። «ሲመቱት አይቼ ነው።»

ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እንጅባራ ላይ የሆነው ሁሉ ከነድምፁ መጣብኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። አባታችን ሞቶ ስለነበር ቤቱን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ነበር። ሙሉቀን ደግ ሰው ነው። እኔ ሳልጎርስ ጎርሶ አያውቅም። ንዴቱ ግን የጭድ እሳት ነው። አንድ ቀን እርሻ ላይ በሬ እምቢ ቢለው ጆሮውን በጥርሱ ነክሶ ሲያደማው አይቻለሁ፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ጆሮ በሞቀ ውኃ ሲያጥብ ነበር።

የነሐሴ መግቢያ ነው፤ ፍልሰታ ተይዟል። ጥርሴ ካላስተኛኝ ስምንት ቀን ሆኖታል። ቅርንፉድ ሰካንበት፣ ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቀን ያዝንበት፣ እናቴ አረቄ የነካ ጥጥ አስነከሰችኝ። ምንም አልሆነም። በመጨረሻ ግራ ጉንጬ ዓይኔን እስኪጋርደው አበጠ፤ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። የተቀቀለ ድንች በውኃ በጥብጠው በማንኪያ ያጠጡኝ ነበር። የድንቹን ሽታ እስከዛሬ አልወደውም፤ የእኛ አገር ሰው ሆኖ ድንች አለመውደድ ደግሞ ችግር ነው።

እንጅባራ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ከባሕር ዳር ይመጣ ነበር። የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ሙሉቀን አስቀድሞ ሄዶ በወረቀት ቀጠሮ አስይዞልኝ መጣ፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ሐሙስ ዕለት ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሣ በጋሪ ወጣን። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሕመሙ ከመንጋጋዬ ተነሥቶ ጆሮዬን ይወጋዋል። ጉንጬን በነጠላ አሥሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የፈረሱን ኮቴ እቆጥር ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ፈረሱ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ ለቅሶ ነው፤ ሬሳ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ።

በእኛ አገር ሬሳ አይታለፍም። ጋሪ ነጂው ወረደ፣ ሙሉቀን ወረደ፣ እኔንም ደግፎ አወረደኝ። ሟቹን አናውቃቸውም። እንደዚያም ሆኖ በዝናቡ ከኋላ ተከተልን። አቀበቱ ላይ ተሸካሚዎቹ ሲደክሙ ሙሉቀን ቀጠሮውን እያወቀ ገብቶ ቃሬዛውን በትከሻው ተቀበለ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አልለቀቀውም። ሲመለስ ጋቢው በጭቃ ተለውሷል፤ «አይዞሽ እንደርሳለን» አለኝ። አልደረስንም። ግምጃ ቤት ላይ ደግሞ ወደ እንጅባራ የሚወስደን ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆመ።

ክሊኒኩ በር ላይ የደረስነው ከስድስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ነው። በሩ የቆርቆሮ ነው። ዘበኛው ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ አሮጌ ካፖርት የለበሱ ሰው ነበሩ።

«አባባ፣ ቀጠሮ አለን» አለ ሙሉቀን ወረቀቱን እየዘረጋ።

ዘበኛው ወረቀቱን ከራቅ አድርገው አዩት። «አራት ሰዓት ይላል። አሁን ስንት ነው?»

«መንገድ ላይ ሬሳ አጋጥሞን ነው።»

«ሐኪሙ ሄዷል። የሳምንት ሐሙስ ኑ።»

«እንዴት ሳምንት ትቆያለች? አያዩዋትም? ሬሳውን ጥለን እንለፍ ነበር?»

«ሬሳው ምን ቸገረው፣ ቀጠሮ የለበት» አሉ ፈገግ ብለው። «ቀጠሮ የነበራችሁ እናንተ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሙሉቀን ራሱ ይስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን የቃሬዛው እንጨት ገና ከትከሻው አልወረደም። «በሬሳ ትቀልዳለህ?» አለ። «እርስዎ» ማለቱን ተወ።

«እጅህን ከበሩ ላይ አንሣ።»

«አላነሣም!»

«አንሣ ብዬሃለሁ፣ አንተ ስድ!» አሉና በሩን በኃይል ገፉት። የሙሉቀን ጣቶች መሐል ገቡ።

እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጣቶቹን መንጭቆ አወጣና በሩን በእግሩ መታው፤ ቆርቆሮው ተወርውሮ የዘበኛውን ግንባር አገኘው። ኮሌታቸውን ይዞ ወደ ውጭ ጎተታቸው። ዘበኛው ዱላቸውን አነሡ፤ ግን አልመቱም። እኔ ኋላ ቆሜ ይህን በደንብ አይቻለሁ። እኔ አጠገብማ ጭራሽ አልደረሱም።

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንድ የከተማው ጋሪ ነጂ፣ ከሰል የሚያወርዱ ወጣቶች፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች። አንዱ ሙሉቀንን ከኋላው ይዞ «ሽማግሌ አትምታ! አታፍርም?» አለው። ሙሉቀን ዞር ዞር አለ። የሚያመልጥበት ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። መጥቶ ነጠላዬን ከጉንጬ ላይ ገፈፈው።

«እዩልኝ!» ብሎ በአገውኛ ጮኸ። «እህቴን ምን እንዳደረጋት እዩልኝ!»

በነጠላ የደበቅሁት ፊቴ በሕዝብ መሐል ተገለጠ። ጉንጬ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ዓይኔ ተከድኗል። የሴቶቹ አፍ ሲከፈት አየሁ።

«አልነካኋትም!» አሉ ዘበኛው፣ እሳቸውም በአገውኛ። «ራሷን ጠይቋት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አልመቱኝም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ማቃሰት ብቻ ነው።

«አዬ ልጄን! መናገር እንኳ አቃታት!» አለች አንዲት ሴትዮ፤ ጃንጥላዋን አጥፋ የዘበኛውን ራስ መታችበት።

የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ማን እንደመታ አላውቅም። ጋሪ ነጂው በአለንጋው እጀታ መታቸው። ባርኔጣቸው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ እሳቸውም ተከትለው ወደቁ። እግር በዛባቸው። ሰው ሲረገጥ የሚሰማውን ድምፅ ያልሰማ ሰው ጆሮው የታደለ ነው፤ እርጥብ ጆንያ በዱላ እንደመምታት ያለ ነው፣ በየመሐሉ ደግሞ ትንፋሽ ይወጣል። ሰዎቹ ሲጋፉ የአንዱ ክርን ጉንጬን መታኝ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ፈነዳ። ደምና መግል በከንፈሬ ወጥቶ ደረቴ ላይ ወረደ።

«ደም! ደም ተፋች!» ተባለ። ያን ጊዜ ባሰባቸው። አንዱ ድንጋይ አነሣ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እብጠቱ ሲፈነዳ ሕመሜ ለቀቀኝ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ በአንድ አፍታ። ከራሴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። እኒያ ሰው እግሬ ሥር ደማቸው እየፈሰሰ እኔ እፎይ አልኩ። አፌ ተከፈተ፤ መንጋጋዬን አንቀሳቀስኩት፤ ምላሴ ታዘዘልኝ። መናገር እችል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል ብዬ ግን አፈርኩ። መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። ድንጋዩ ሲያርፍ ሰማሁት።

ፖሊስ ደርሶ ሰዉን በተነው። ዘበኛውን፣ ሙሉቀንንና እኔን ጣቢያ ወሰዱን። ዘበኛው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል፤ በጣቶቻቸው መሐል ደም ይንጠባጠባል። ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው መኪና እየተጠበቀ ነበር። ሙሉቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«መታኝ በይ» አለኝ። «አለዚያ እኔ እስር ቤት መግባቴ ነው። እናታችንን ማን ያርስላታል? ትርንጎ፣ እባክሽ።»

ፖሊሱ ወረቀት አውጥቶ ጠየቀኝ። «ማን ነው የመታሽ?»

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ብቻ ነበር። ለእኔ አራትም ብዙ ነው። ወንድሜን አየሁት፤ የተቀጠቀጡት ጣቶቹ አብጠዋል። ዘበኛውን አየኋቸው፤ እሳቸው አላዩኝም፤ ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

«ማንም» አልኩ። «ጥርሴን አሞኝ ነው ያበጠው። እሳቸው አልነኩኝም።»

ሙሉቀን ግድግዳውን በግንባሩ መታ። አንዴ ብቻ።

ጥርሴ በሳምንቱ ሐሙስ ተነቀለ፤ እናቴ ይዛኝ ሄደች፣ መንገዱን ሙሉ ሳታናግረኝ። በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ነበር። ሙሉቀን ተፈርዶበት ሁለት መኸር ታሰረ። ስንዴያችንን ያጨደው የሰው እጅ ነው። ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ፤ የዘበኛው ግራ ዓይን ግን አልተመለሰም። ወንድሜ ሲፈታ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «ጥርስሽን ላስነቅል ብሄድ እኔን ከቤቴ ነቀልሽኝ» አለኝና አልፎኝ ገባ። ብዙም ሳልቆይ ወደ ዳንግላ መጣሁ።

አገሩ በሁለት ይከፈላል። ገሚሱ ወንድሟን የሸጠች ይለኛል፤ ገሚሱ እውነተኛ ልጅ ይለኛል። ከሁለቱ የሚያመኝ ሁለተኛው ነው። እውነቱን የተናገርኩት ድንጋዩ ካረፈ በኋላ ነዋ። የባጃጅ ሾፌሩ «ሲመቱት አይቼ ነው» ሲለኝ ልሰድበው ፈልጌ ነበር። እሱ ምክንያቱን ሳያውቅ ረገጠ፤ እኔ አውቄ ቆምኩ። ማን ይብሳል?

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሻዩን ለጎረቤት ትቼ በሚኒባስ እንጅባራ ሄድኩ። የዘበኛው ቤት በዕርቁ ጊዜ የሄድንበት ስለነበር አልጠፋኝም። አቶ ደሴ ነው ስማቸው። ከቤታቸው ክፈፍ ሥር ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፤ ቢላዋውን በደህናው ዓይናቸው በኩል አቅርበው።

«ማን ነሽ?» አሉኝ።

«ትርንጎ ነኝ። የሙሉቀን እህት።»

ቢላዋውን አስቀመጡት። ቀና ብለው አዩኝ። «ጥርስሽ ተሻለሽ?»

«ተነቀለ።»

«ደግ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ጎድሎብኛል፤ ያውም ያለቀጠሮ።» ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቆሜ፣ ጭቃውን እያየሁ፣ መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ተናገርኩ።

«እብጠቱ ከፈነዳ በኋላ አፌ ተከፍቶልኝ ነበር። ድንጋዩ ሳይመታዎት። ‹አልነኩኝም› ማለት እችል ነበር። ሰው አፍሬ ዝም አልኩ።»

ሳቃቸው ጠፋ። እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ዝናቡ ጀመረ፤ ክፈፉ ሥር እንድገባ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዙረው እንዲህ አሉኝ፦

«ሐኪሙ አልሄደም ነበር፣ ልጄ። በሩን ስዘጋባችሁ ገና ጓንቱን አላወለቀም። አንዴ ብጠራው ያይሽ ነበር።»